ከቤይሩት አዲስ አበባ በዱባይ በኩል

ከቤይሩት ዱባይ አውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ይበራል። ከዱባይ አዲስ አበባም እንደዚያው ነው። ከቤይሩት አዲስ አበባ በቀጥታ የሚሄድ ቢገኝ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ይበቃዋል። እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ በላዬ ሲያልፍ እንኳ ቀና ብዬ የማየት ልማድ የለኝም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት አባዬ የሞተ ሰሞን ነው፤ ባላውቀው በወደድኩ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አትማለሁ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ የሚነሱት እኔ ጋ ስለሆነ፣ ዘመዶቼ አውሮፕላንን የሚመለከት ነገር ሁሉ የማውቅ ይመስላቸዋል። ሙቀቱ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ የማሽኑ መንቀራፈፍ ተደማምሮ ጠባዬን እንዳበላሸው ከተማው በሙሉ ያውቃል። ደንበኛ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከጠየቀኝ ለሦስተኛው መልስ የለኝም። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጠባዬን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቤይሩት ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በደወለች ቁጥር «ሥራ ላይ ነኝ፣ ቶሎ በይ» ነው የምላት። ደህንነቷን እጠይቃለሁ፣ የአባዬን ጤና እነግራታለሁ፣ ከዚያ በይ ደህና ዋይ። እሷም አትቀየመኝም። ጋሼ ትለኛለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ።

አባዬ ቀወት ውስጥ፣ ከከተማው በባጃጅ ጥቂት እንደሄዱ በምትገኝ መንደር ማሽላና ማሾ እያረሰ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ አንቱ ይለዋል፤ እኛ ልጆቹን ግን አንተ በሉኝ ብሎ ራሱ ነው ያስለመደን። እናታችን የሞተችው እህቴ ገና ስትድህ ስለሆነ እሷን ያሳደጋት እሱ ነው። ፀጉሯን ሳይቀር በዚያ ሻካራ እጁ እሱ ነበር የሚጎነጉንላት፤ ጎረቤት ልሥራላት ቢል እንኳ እሺ አይልም ነበር። ሕመሙ ሲጠናበት እህቴ አሠሪዋን ለምና ለምና ፈቃድ አገኘች፤ ትኬቱንም ሴትየዋ ቆረጠችላት። ሐሙስ ማታ ተነሥታ ዓርብ አዲስ አበባ እንደምትሆን ደውላ ነገረችን። አባዬ ይህን ሲሰማ ፀጉር አስተካካይ ከከተማ ድረስ አስመጥቶ ፂሙን ተስተካከለ። ልጅቷ እንዳትደነግጥብኝ ነው ያለው። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሞተ።

እኛ ዘንድ ጀናዛ አያድርም። ከዙህር በኋላ ተሰገደበት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ከእናታችን አጠገብ ቀበርነው። ስለዚህ እህቴ ለቀብሩ ትደርስ ይሆን የሚል ጭንቀት አልነበረብንም፤ እሱ አንዴ አልፏል። የቀረው ጭንቀት ሌላ ነበር። ማን ይነግራታል? የት? እስኪነገራት ድረስስ እንዴት አድርገን ከጆሮዋ እናርቀዋለን?

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን ሕግ ብሎ የጻፈው የለም፤ ነገር ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠብቀዋል። ሰው የሞተበት ሰው የሚረዳው በማለዳ፣ ቤት ውስጥ፣ ግራና ቀኙን የሚይዘው ሰው ተቀምጦ ነው። አንዱ ሽማግሌ ይናገራል፤ ሌላው ክንዱን ለመያዝ ይዘጋጃል። እኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከልማድም አልፏል። አንዲት የጀውሃ ልጅ ሰው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆማ የእናቷን ሞት በስልክ ሰምታ፣ እጇን ከነክንዷ ለፈላ ዘይት ሰጥታ መጥታለች። ጠባሳዋን በሠርግም በለቅሶም እናየዋለን። ከዚያ ወዲህ ውጭ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ማውራት ነውር ሆኗል።

ከቀብር እንደተመለስን አጎቴ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ዳሱ መሀል ቆሙ። ነገሩን ለልጅቱ ጆሮ የሚያደርስ ሰው ቢገኝ ከእሳቸው ጋር እንደተቆራረጠ ይወቀው አሉ። ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ፎቶ እንዳይለጥፍ፣ የሐዘን ቃል እንዳይጽፍ፣ የጀናዛውን ስፍራ እንዳያሳይ አዘዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ጠየቁኝ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ፣ የአባቴ አፈር እጄ ላይ ሳይደርቅ፣ ስልኬን አውጥቼ የበረራ ርቀት የሚያሰላ ገጽ ፈለግሁ። የመነሻና የመድረሻ ከተማ ስም ሲሰጡት ካርታ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ይስላል፤ ከሥሯ ርቀቱንና ሰዓቱን ይጽፋል። አራት ሰዓት ተኩል አልኳቸው። አጎቴ ምሳ የት እንደሚቆም ጠየቁ። በለቅሶው መሀል አንዳንድ ሰው ፈገግ አለ። እኔ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበርና አውሮፕላን ምሳ ለመብላት እንደማይቆም በቁጣ ነገርኳቸው።

በዚያ ስሌት ሁሉም ተሰናዳ። አዲስ አበባ ያለችው አክስታችን ከሌሊቱ ሄዳ ትቀበላታለች። አባትሽ ትንሽ ተሽሎታል፣ ዕረፍት አድርገሽ አብረን እንሄዳለን ብላ ቤቷ ታስገባታለች። እዚያው ከተማ ያሉ ዘመዶች ደግሞ ከፈጅር ሰላት በኋላ ተሰብስበው ይነግሯታል። ሐሙስ ማታ ከመነሣቷ በፊት ደወለችልኝ። ተኝቷል አልኳት። ቀስቅሰው አላለችም፤ ቸኩላለች። እኔም እንደ ልማዴ ቶሎ በይ ብዬ ዘጋሁ። ያን ሌሊት ጥሩ ዋሸሁ ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አክስቴ ደወለች። ከቤይሩት የመጣ ሰው ሁሉ ወጥቶ አልቋል፤ ልጅቷ ግን የለችም። ሽማግሌዎቹ ሳሎኗ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ሻይ እንኳ እሺ አላሉም። ስልኳን ሞከርኩ፣ አይሠራም። ያን ጊዜ ያላሰብኩት ነገር የለም። አሠሪዋ በመጨረሻ ሰዓት ፓስፖርቷን ከለከለቻት ይሆን? አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንድ ሰው ነግሯት ወድቃ ቀርታ ይሆን? ወይስ አውሮፕላኑ ራሱ? ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልተነፈስኩም። አጎቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ስሌቱ የእኔ ነበርና የሚያዩት እኔን ነው።

ፀሐይ ወጥታ ዳሱ መሞቅ ሲጀምር ስልኬ ጮኸ። የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። ዱባይ እንደደረሰች፣ እስከ ከሰዓት እዚያው ተቀምጣ የአዲስ አበባውን አውሮፕላን እንደምትጠብቅ፣ ኢንተርኔቱ በነፃ ስለሆነ ስችል እንድደውልላት ትናገራለች። ደስ ብሏታል። ለካ አሠሪዋ የቆረጠችላት ትኬት በዞረው መንገድ የሚሄድ ኖሯል። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ለመሄድ ኮምቦልቻን እንደመዞር ማለት ነው። እሷም መንገዱን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ያ ገጽ ደግሞ መስመር ከመሳል በቀር ትኬት የማን ኪስ እንደቆረጠው አያውቅም።

በሕይወት አለች። አልሐምዱሊላህ አልን። አጎቴ እንዲያውም ሳቁ፤ ይኸው ምሳ ቆመ አይደለም እንዴ አሉ። እኔ ግን ከመልእክቱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሰማኝ፤ ኢንተርኔቱ በነፃ ነው። እሰው ቤት ሳለች ስልክ የምትነካው ሥራ ጨርሳ፣ ተደብቃ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነበር። አሁን ግን ግማሽ ቀን ሙሉ የምትሠራው ሥራ የለም፤ ስልኳ ብቻ ነው ያላት። የኛ ዘመድ ደግሞ ከሪያድ እስከ ኩዌት የተበተነ ነው። አጎቴ ያዘዙት ዳሱ ውስጥ የነበረውን ሰው እንጂ ሪያድ ያለውን አይደለም። ወዲያው ዘመድ የሆነ ሰው ሁሉ ምን እንደለጠፈ ማየት ጀመርኩ። አንድ የአክስት ልጅ «ኢናሊላሂ» ብሎ ጽፏል። ስም የለውም፣ ፎቶም የለውም፤ ግን እሷ ብታየው ማን ሞተ ብላ መጠየቋ አይቀርም። ደውዬ ጮኽኩበት፣ አጠፋው። ሌላስ ማን ይኖራል? ሁሉንም መዞር አልችልም።

አጎቴ ጥቂት አሰቡና ባጭሩ ቆረጡት፦ «በወሬ ያዛት። እስክትሳፈር ከስልኩ አታውርዳት።» እግረ መንገዴንም ወደ አዲስ አበባ እንድወጣ አዘዙኝ። አውሮፕላኗ ማታ ይገባል፤ መርዶው ለቅዳሜ ማለዳ ተዛውሯል፤ ወንድሟ ደግሞ አጠገቧ መኖር አለበት።

ከዳሱ ራቅ ብዬ ማሾው ዳር ሄጄ ደወልኩላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ከበስተኋላዬ ስለሚሰማት የቁርኣን ድምፅ ነው። ጁምዓ አይደል አልኳት። አመነችኝ። ቀጥላ አባዬን አገናኘኝ አለች። መድኃኒቱን ውጦ አሁን እንቅልፍ እንደወሰደው ነገርኳት። በቪዲዮ አሳየኝ አለች፤ ካሜራዬ ተሰብሯል አልኩ። ጠዋት ምን ቀመሰ አለች፤ አጥሚት አልኩ። ትልቁ ውሸት እንዲህ አያስቸግርም፤ አንዴ ተናግሮ መገላገል ነው። ልብ የሚያወልቁት ትንንሾቹ ናቸው። አጥሚቱን ማን ሠራለት? ጨረሰው? ፂሙስ አድጓል? ለመጨረሻው ብቻ እውነቱን መለስኩላት። አንቺ ትመጫለሽ ብሎ ተስተካከለ አልኳት። ቆይ ጋሼ፣ ድምፅህ ይቆራረጣል አለችኝ። የኛ መንደር ኔትወርክ ስለማይታመን አልገረመኝም።

በባጃጅ ሸዋ ሮቢት ገብቼ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ አወራኋት። ሹፌሩ ከፊት ከሄደ ባልደረባው ጋር ተደዋውሎ የመንገዱን ሰላም እስኪያጣራም አወራኋት። ከዚያ ወሬ አለቀብኝ። ወሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ መናገር ጀመርኩ። አሁን የሮቢን ወንዝ ድልድይ ተሻገርን፣ ውኃው ጎድሏል። አሁን ሽንኩርት የጫነ ባለ ተሳቢ ከፊታችን ገብቶ አላሳልፍ ብሎናል። የጎረቤታችን ግመል ከመንጋዋ አምልጣ የማን በቆሎ ውስጥ እንደተገኘች፣ ባለቤቱና ገበሬው እንዴት እንደተካሰሱ፣ ሽማግሌዎቹ ሲዳኙ ግመሏ ዞራ የዳኞቹን ጥላ ዛፍ ቅጠል እንደጨረሰች ነገርኳት። ሳቀች። በመሀል አሁንም ቆይ አንዴ አለችና ድምፅዋ ጠፋ፤ ተመልሳ ቀጥል አለችኝ።

እሷም ያለችበትን ነገረችኝ። መሬቱ ያብለጨልጫል፤ ብርዱ ሰው ሠራሽ ነው፤ ቀኑን ከሌሊቱ የሚለይ ነገር የለም፤ ሰው በየጥጉ ሻንጣውን ተንተርሶ ተኝቷል። አጠገቧ አማርኛ የሚናገር የሴት ድምፅ ሰማሁና ክው አልኩ። ማናት አልኳት። ወልድያ የምትገባ ልጅ ናት፣ እዚሁ ነው የተዋወቅነው አለች። የማን ዘመድ? ማንን ታውቃለች? የኛን አካባቢ ሰው ታውቃለች? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠየቅኋት። ያን ጊዜ አማርኛ የሚችል ሰው ሁሉ መርዶ ነጋሪ ይመስለኝ ነበር።

ተሳፋሪው መጀመሪያ በእኔ ይዝናና ነበር። ከፊት የተቀመጠው ጎልማሳ ለሚስት እንዲህ ይወራል ወይስ ለእጮኛ ብሎ አሳቀብኝ። ልቆጣው ስል ስልኩ በራሱ ጊዜ ተቋረጠ። እህቴ ናት፣ አባታችን ረቡዕ ሞቷል፣ አልሰማችም፣ ዱባይ ብቻዋን ተቀምጣለች አልኩ። ይኸው ነው። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሹፌሩ ዘፈኑን ራሱ ዘጋው። ያ ጎልማሳ ወደ መስኮቱ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ፣ ደብረ ብርሃን የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ፣ ከእግራቸው ሥር ያለውን የማር እንስራ በእጃቸው ደግፈው ጥቂት አንገታቸውን ደፉ። ስልኩ መልሶ ሲጮኽ እስቲ አምጣት አሉኝ። ተቀብለው፣ እንደ ዘመድ፣ ልጄ እንዴት ነሽ፣ ወንድምሽ ወሬ ጨርሶ እኛን እያደነቆረን ነው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል እያሉ ረጅም ሰዓት አጫወቷት። ስለ ወለደችው ልጃቸው ነገሯት፤ ስም አውጪልን አሏት። ስልኩን ሲመልሱልኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ለእንዲህ ያለው ውሸት ፈጣሪ አይቆጣም አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲያ መኪናው በሙሉ የእኛ ሆነ። ወሬ ሲያልቅብኝ አንዱ በምልክት ተራራውን ያሳየኛል፣ ሌላው የቆሎ ጥቅል ያነሳልኛል። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ቆላው ከእኛ ወዲያ ቀረ፤ መስኮቱ ተዘጋ፤ ሰው ጋቢውን ደረበ። ጣርማ በር ዋሻ ስንቃረብ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ትዝ አለኝ። ዋሻ ልንገባ ነው፣ ከወጣሁ እደውላለሁ፣ እስከዚያ ስልኩን አትነካኪ አልኳት። ምክንያት አልነበረኝም፤ ባትሪሽ እንዳያልቅ አልኩ። እዚህ እኮ መሙያው የትም አለ አለችኝ። አትነካኪው ብያለሁ አልኩና ጨለማው ውስጥ ገባን።

ዋሻው ሌላ ጊዜ ቶሎ ይታለፋል። የዚያን ዕለት ግን ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና መሀሉ ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ቆሞ ኖሮ፣ ከወዲያ የሚመጣውም ከወዲህ የሚሄደውም ተፋጦ ቀረ። ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። የስልኬ ብርሃን ፊቴ ላይ ነው፤ ከላዩ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች ባዶ ናቸው። አሁን ስልኳን ከፍታ እያየች ነው አልኩ። አሁን የሆነ ሰው «አላህ ይርሐማቸው» ብሎ ጽፎላታል። አሁን አይታዋለች። በሰው መሀል ቆማለች፣ የሚይዛት የለም። የጀውሃዋ ልጅ ክንድ ዓይኔ ላይ መጣ። ሹፌሩ ወርዶ ጮኸ፤ ሌሎቹም ወርደው ያንን መኪና ገፉ፤ ያ ያሾፈብኝ ጎልማሳ ሳይቀር ጫማው ውኃ እስኪገባው ገፋ። እኔ ስልኬን ይዤ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ወዲያ ማዶ ወጣን። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። መስመሮቹ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱና ደወልኩ። ይጠራል፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አታነሳም። ሴትዮዋ ፊቴን እያዩ ማማተብ ጀመሩ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ አነሳች። ድምፅዋ ቀደም ሲል ሲያወራኝ የነበረው ድምፅ አልነበረም።

«ጋሼ» አለችኝ። «ዛሬ ምን ያህል እንዳወራኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳት።

«እስከዛሬ በስልክ ካወራኸኝ ሁሉ ይበልጣል። አንዴ እንኳ ቶሎ በይ አላልከኝም።» ከኋላዋ በማላውቀው ቋንቋ የሚጣራ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። «አባዬ መቼ ነው የሞተው?»

መዋሸት እችል ነበር። ሽማግሌዎቹም አደራ የሰጡኝ ለዚህ ነው። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ማን ነገረሽ የሚለው ብቻ ነው። ማንም አልነገራትም። ጽሑፍም አላየችም፤ ስልኳን ከእኔ ጋር ከማውራት በቀር አልነካችውም። የነገርከኝ አንተ ነህ አለችኝ። ስለ ፂሙ ስነግራት ጠርጥራ ነበር፤ ስለ ግመሏ ሳወራላት አረጋገጠች። ወንድሟ ስለ ግመል እንዲህ በዝርዝር የሚያወራላት ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ቢፈጠር እንጂ በደህናው ጊዜ እንዳልሆነ አሰበች። ድምፅ ተቆራረጠ፣ ቆይ አንዴ እያለች የጠፋችው የስልኩን ድምፅ ዘግታ እያለቀሰች ነበር። ተመልሳ ቀጥል የምትለኝ ደግሞ እኔ ስጨነቅ መስማት ስላልቻለች ነው። ሴትዮዋ ስም አውጪልን ሲሏትም ታውቅ ነበር።

ረቡዕ ነው አልኳት። ፂሙን መስተካከሉ እውነት ነው ወይ አለች፤ እውነት ነው አልኩ። የት እንደተቀበረ ጠየቀችኝ፤ እናታችን አጠገብ እንደሆነ ነገርኳት። ደህና አደረጋችሁ አለች። ብቻሽን ነሽ ወይ አልኳት። የወልድያዋ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እጇን ይዛት እንደተቀመጠች፣ አሁንም እንዳልለቀቀቻት ነገረችኝ። ስሟን እንኳ ገና አሁን ነው የጠየቅኋት አለች።

ጎሕ ሲቀድ አክስቴ ቤት ተሰብስበው በከንቱ ስለጠበቋት ሽማግሌዎችም ነገርኳት። ቀጥላ ስለ አጎቴ አነሳች። መስማቷን ለማንም እንዳልናገር፣ ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹ እንደወጉ ይንገሩኝ አለች። በስልክ መሀል፣ ሰው አገር ሰማች ቢባል አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ይጸጸታሉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰብስበው ሲጠብቁኝ ምን ብዬ ከደጃፍ እመልሳቸዋለሁ አለች። እሺ አልኳት። እሷን ልጠብቅ ተልኬ የነበርኩት እኔ፣ እሺ እሺ እያልኩ የምትለኝን ብቻ እሰማ ነበር።

«አንተ አለቀስክ?» አለችኝ።

ለመመለስ አሰብኩ። ከቀብር ስንመለስ ሰዓት ስሌት ላይ ነበርኩ። ሐሙስ የሚደውለውን ሁሉ አፉን እንዲይዝ ስለምን ዋልኩ። ዓርብ ይኸው። ጊዜ አላገኘሁም አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ሹፌሩ ማንም ሳያዘው መኪናውን ጣርማ በር ላይ፣ ቆሎና የሱፍ ቆብ ከሚሸጡት ሰዎች ለየት ብሎ አቁሞት ነበር። ማንም ለምን ቆምን አላለም። ሴትዮዋ የማር እንስራቸውን ለጎልማሳው አቀብለው ወደ እኔ ሙሉ በሙሉ ዞረዋል፤ አንድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው።

«አጠገብህ ሰው አለ?» አለች እህቴ።

አለ አልኳት።

«እንግዲያው አልቅስ» አለችኝ።